በሩት ሰርግ የዘጋኋት ማለፊያ

ይድረስ ናይል ዳር ለከተመችው ለእታለሜ ለጥሩወርቅ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ ክረምት ሲገባ ይነሳብሽ የነበረው የወገብሽ ነገር እንዴት ነው? ባለቤትሽ ጌታሁንስ ደኅና ነው? ሃና አማርኛዋን እንዳትረሳ እየተቆጣሻት ነው ወይስ አንቺም አብረሻት እየረሳሽ? የጁባ ሙቀት ከቆቦ ይብሳል ያልሽውን እማዬ እስከ ዛሬ አላመነችም፤ ከቆቦ የሚብስ ሙቀት ካለ ለኃጥአን የተዘጋጀው ብቻ ነው ባይ ናት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን።

ወረቀት ያነሳሁት በስልክ የማልነግርሽ ነገር ስላለ ነው። እዚህ ቤት ስልክ ሲደወል ድምፁ ከፍ ተደርጎ ለቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚሰማው፤ ይህ ደግሞ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ የሚነገር አይደለም።

የሩትን ሰርግ ፎቶ አይተሽ "ፊልም ይመስላል" ብለሽን ነበር። ልክ ነሽ፣ ይመስላል። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ካርዴ ላይ "የዝግጅት ንድፍ ባለሙያ" ይላል፣ እማዬ ለሰው ስታስረዳ "ወንበር ያከራያል" ትላለች። ወንበርም አከራያለሁ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ የሰው ሰርግና ምርቃት ሳስውብ ከርሜ የገዛ እህቴ ተራ ሲደርስ፣ ያነበብኩትን ሁሉ በእሷ ላይ ልሞክር ተነሳሁ። አንዱ መጽሐፍ ጥሩ ዝግጅት ማለት እንግዳው በምንም የማይደክምበት ነው ይላል። ጸሐፊው ቆቦን አያውቃትም።

እናም ማንም እንዳይደክም አደረግሁ። የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ዳስ እንዳይጥል ድንኳን አስተከልኩ። የሰፈሩ ሴቶች ወጥ እንዳይሠሩ ባለሙያ ቀጠርኩ። ለሙስሊም እንግዶቻችን የራሳቸው እርድ የሆነ ምግብ ከጎብዬ በትሪ በትሪ አዘዝኩ። እማዬን "ዘንድሮ አንቺ ቁጭ ብቻ በይ" አልኳት፤ ልጇን የምትድር ሳይሆን ፍርድ የምትጠብቅ መስላ ቁጭ አለች።

ለፎቶ ደግሞ ጥሩው ብርሃን ያለው ከእማ ዘምዘም ግቢ በሚያዋስነን የቁልቋል አጥር በኩል ነው። መካከሉ ላይ ያለችው ማለፊያ ግን በካሜራ ስትታይ የወለቀ ጥርስ ትመስላለች፤ በዚያ ላይ የእነሱ አህያ በእሷ በኩል አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር የጽጌረዳ ግድግዳ አቆምኩባት። ጽጌረዳው ፕላስቲክ ነው፤ እውነተኛው በዚህ ፀሐይ ሙሽራዋ እስክትደርስ የሻይ ቅጠል ይሆናል።

እማ ዘምዘም ማን እንደሆነች ላንቺ ማስረዳት አይገባኝም፤ እማዬ አንቺን ወልዳ በታመመች ጊዜ ጡቷን የሰጠችሽ እሷ ናት። ክርስትናም ተዝካርም ሲደገስ የሙስሊሙን ወገን ድግስ ከራሷ ምድጃ ሠርታ በዚያች ማለፊያ ስታስገባ ነው ያደግነው። ማንም "ሥሪ" ብሏት አያውቅም፤ ቀኑን መስማት ይበቃታል። እኔ ዕድሜዋን አይቼ ትረፍ አልኩና ከፊት ረድፍ ሪባን የታሰረበት የክብር ወንበር አስቀመጥኩላት። ሳይነገራት የምትሠራ ሰው፣ እንዳትሠራ ግን ሊነገራት እንደሚገባ አልመጣልኝም።

ወንበሯ ባዶውን ዋለ። "ወንበሩ ባለቤት አለው፣ ትመጣለች" እያልኩ ከዋጃ የመጡትን የሙሽራውን የሕሉፍን አጎት ሳይቀር ከላዩ አስነሳሁ።

በማግስቱ ግድግዳውን ሳፈርስ ከጀርባው መሬቱ ላይ የሁለት ድስት ጥላሸት ክብ ክብ ሆኖ ታትሞ አገኘሁ። እማዬ መጥታ አየችው። "ዘምዘም መጥታ ነበር" አለችና ገባች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰርጉ አንስታ አታውቅም።

ልጇ ሙሀመድሰይድ እንደነገረኝ፣ ፍየል አሳርዳ፣ ሠርታ፣ ከረዷት ሴቶች ጋር ድስቱን ተሸክማ ስትመጣ መንገዱ ግድግዳ ሆነባት። ያ ነገር ከፊት ጽጌረዳ ነው፣ ከኋላ ጣውላና ምስማር ነው፤ እሷ ያየችው ኋላውን ነው። "ይከፍቱልናል" ብላ ድስቶቹን አስቀምጣ ቆመች። ተጣራችም አሉ። እኔ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ከፍ እንዲል አዝዤ ነበር። ሴቶቹ በዋናው በር ዞረን እንግባ ሲሏት "በዋናው በርማ እንግዳ ነው የሚገባ" ብላ ተመለሰች። ድግሱን የመስጊድ ደጅ ሰዎች በሉት።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። "ምን በደልከኝና ልጄ፤ ሰርጉ አምሮላችኋል፣ አላህ ይባርከው" ብላ መረቀችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ፤ ድሮ በለሷን ስሰርቅ "አንተ የቀን ጅብ" ብላ የምታባርረኝን ታስታውሻለሽ። አሁን ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ። በዚያ ቤት ወንበር የሚጠረገው ለእንግዳ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ማለፊያዋ ላይ የግራር እሾህ ተከምሮ አየን። ሙሀመድሰይድን ብጠይቀው ዓይኑን ሳያነሳ "ፍየል እንዳይገባባችሁ ነው" አለኝ። የነበራቸው አንዲት ፍየል ናት፤ ለሩት ሰርግ አርደዋታል።

ሥራው እንኳ ደርቶልኛል። ፎቶውን ያየ ሁሉ ያን ግድግዳ አምጣልኝ ይላል። የትም ከማቆሜ በፊት ዞሬ ከጀርባው የማን ደጅ እንዳለ አያለሁ፤ ደንበኞቼ የነፋስ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል።

እማዬ ማለዳ ማለዳ እሾሁ ፊት ትቆማለች። ላንሳው ብላት "አንዴ ዘግተህ፣ ደግሞ አሁን ሰብረህ ልትገባ ነው? ያኖረችው ታንሳው" አለችኝ። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ በደንብ ሰላም ይባባላሉ። በደንብ መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ።

እባክሽ እታለሜ፣ ለእማ ዘምዘም ደውይላት። ይቅርታ አትጠይቂልኝ፣ ስለ ግድግዳውም አታንሺ። የዚያን ቀን ምን ምን ሠርታ እንደነበር ብቻ ጠይቂያት። እስከ ዛሬ የጠየቃት የለም።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች። ሩትና ሕሉፍ ከዋጃ ሰላም ብለውሻል፤ አልበሙን ሰው ሲገኝ ይልኩልሻል። ጌታሁንን እጅ ነስቻለሁ፣ ሃናን ግንባሯን ሳሚልኝ። ወደ አንቺ ሰው በሄደ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ "ለልጄ ሰላም በልልኝ" የምትለው እማ ዘምዘም ነበረች። የእሷ ሰላምታ በዚህኛው ደብዳቤ የለም፤ ልጠይቃት በዋናው በር ዞሬ መሄድ አቃተኝ።

ወንድምሽ ሰለሞን
ቆቦ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.