ገዳዩ ከመካከላችን ይሁን

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 1964 ዓ.ም.

ውድ ሳሌሃ፣

አሰላሙ አለይኩም። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ከአዲስ አበባ የላክሽልኝ መጽሐፍ ነው።

«አጎቴ፣ ፒያሳ ሰው ተሰልፎ ይገዛዋል፤ ከጀመርከው እንቅልፍ የለህም» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም አምኜሽ ልብስ ስፌት ቤቴ ለሚቀመጠው ሁሉ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቡታጅራ ገብቶ አያውቅም» እያልኩ አወራሁ። ከቀትር በኋላ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጮክ ብዬ አነብላቸው ጀመር። ቅቤ ነጋዴዋ ውድነሽ እንኳ ገበያዋን ትታ ደጄ ላይ ትቀመጣለች። ሀብታሙን ነጋዴ ማን ገደለው? ውድነሽ ሚስቱን ጠረጠረች። ሾፌሩ አሚኑ ዘበኛውን። እኔ ደግሞ ተንኮሌ አይለቀኝምና፣ መጨረሻውን ሳላየው ያወቅሁ መስዬ ፈገግ እላለሁ፤ በንዴት ያብዳሉ።

መጨረሻው ሲመጣ ገዳዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በመጽሐፉ ሁሉ ስሙ ያልተነሣ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ከአስመራ በአውሮፕላን የመጣ ሰው!

«ማነው ደግሞ እሱ?» አለች ውድነሽ።

«እኔ እንጃ፣ አሁን መድረሱ ነው።»

«አንተ ሸረፋ፣ ገጽ ዘለልህ!»

የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚዳኙት አባባ ሰይዶ በትራቸውን አጋደሙና «ይህ ነገር በሽምግልና ይታይ» አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«ከመጀመሪያው አብሮን ያልተቀመጠ ሰው እንዴት መጨረሻ ላይ ጥፋተኛ ይባላል? ፊታችን ባልቀረበ ሰው አንፈርድም። ሚስቲቱም ዘበኛውም በከንቱ ታሙ። ደራሲው የት አለ?»

«አዲስ አበባ ነው፣ አባባ።»

«ዋሱስ?»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ያን ሁሉ ያሞገስኩት እኔ ነኛ! እንግዲህ የተፈረደብኝን ስሚ። ለአረፋ አገሬው ሁሉ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ ገዳዩ ከመጀመሪያው አብሮን የሚቀመጥበት ሌላ ታሪክ አምጥቼ አነባለሁ። እምቢ ካልኩ ስለ መጽሐፍ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ይህ ለእኔ ሞት መሆኑን ታውቂያለሽ። አንቺ ራስሽ የጻፍሽውን ታሪክ ላነብላቸው ቃል ገባሁላቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የማተሚያ ቤቱ ሰው «ወንድም ወንድሙን ገደለ ብለሽ ማን ያነብልሻል? እንደዚያ መጽሐፍ አንድ እንግዳ ሰው አስገቢበት» እንዳለሽ፣ አንቺም ልትቀይሪው እንደሆነ ጽፈሽልኛል። እንዳትቀይሪው! አምና ግማሹን ስታነቢልኝ፣ ያ ወንድም ለለቀስተኞቹ እየዞረ እጅ ሲያስታጥብ፣ እኔ መርፌው ጣቴን ወግቶኝ አልተሰማኝም። ገዳዩ እሱ መሆኑን እያወቅሁ አሳዘነኝ። ያን የሚያስታጥብ እጅ ቆርጠሽ ለማናውቀው መንገደኛ እንዳትሰጪብን።

አባትሽንም እንደፈራሽ ይገባኛል። «ስለ እኔና ስለ ወንድሜ ጻፈች» ይላል ብለሽ ነው። ይበል። ከአጠገቤ አስቀምጠውና «የሞተው ወንድም እኔ ነኝ፤ ሟቹ ካልተቀየመ ገዳዩ ምን ቤት ነው?» እለዋለሁ። ከሳቀ ሳቀ፤ ከተቆጣም ቁጣው ለእኔ ነው፣ ለምጄዋለሁ።

ለማተሚያ ቤቱ ሰው ነገ ዛሬ ሳትይ «አልቀይርም» በይው። ካላተመው ይቅርበት። መጀመሪያ እዚህ እንሰማዋለን፤ ከአረፋ በኋላ አብሬሽ አዲስ አበባ እገባና የአታሚዎቹን በር አንድ በአንድ እናንኳኳለን። እኔን የመሰለ ነዝናዛ ይዘሽ ማን እምቢ እንደሚልሽ እናያለን።

በሰላም ያገናኘን። እስከዚያው ገዳዩን ከተቀመጠበት እንዳታስነሺው።

አጎትሽ ሸረፋ