ሰባቱ የዞረበት ባንዲራ

ለተከበሩት የሞተር ብስክሌት ውድድር ክለባችን ፕሬዚዳንት

እርስዎም ወገብዎም ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎም በደኅና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልብሴን ራሴ የማጥብ፣ መርፌ ውስጥ ክር በሁለተኛው ሙከራ የማስገባ፣ የክለባችንን ሞተር ሳላይ በድምፁ የምለይ ሽማግሌ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ ነገሬ ቀጥ ያለ ነው፤ አይስጉ።

አንደኛ፣ ምስጋና። ከጥንት ጀምሮ አረንጓዴ የነበረውን ሞተራችንን፣ አዲሱ ስፖንሰራችን የፍራሽ ፋብሪካው ደስ ይበለው ብለው ሮዝ ስላስቀቡልን እግዜር ይስጥልን። ለፍጥነት ውድድር ፍራሽ ሻጭ ማግኘት ቀላል ብልኃት አይደለም። ዘንድሮ ልጆቻችን በየውድድሩ መጨረሻ የሚወጡት እንቅልፍ ይዟቸው ነው የሚል ሐሜተኛ ቢኖር፣ እኔ ጆሮዬን አልሰጠሁትም።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ውድድር የበር ጥበቃው ባንዲራዬን ተቀበለኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አረንጓዴ ቀሚሷን ቀድዳ የሰፋችው ነው። የድሮው ስፖንሰር የባትሪ ፋብሪካው ስም ስላለበት አዲሱ ስፖንሰር ይቀየማል ተባልኩ። የባትሪ ፋብሪካው ከስሮ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ለካ ፍራሽ ሙት ይፈራል። በባንዲራው ላይ ያለው ሰባት ቁጥር የዚያ ሽውታ የምንለው የጥንቱ ጋላቢያችን ቁጥር ነው፤ ባለቤቴ ግን በመስታወት እንደሚታይ ፊቱን አዙራ ሰፋችው። ሰው ሁሉ ሲስቅባት፣ ሽውታ ሲያልፍ ማን ሰባቱን ያያል ብላ ሳትፈታው ቀረች። ባንዲራውን ልጠይቅ ቢሮዎ ብመጣ፣ ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ሁለተኛ ሐዘን ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ከሁሉም የባሰው ነው። ለመጪው እሑድ «የትዝታ ቀን» አውጀው፣ ደጋፊ ሁሉ የጥንቱን ባንዲራ ከክለቡ ሱቅ እየገዛ እንዲመጣ ጋበዙን። ሄጄ አየሁት። አዲስ ጨርቅ ነው፣ ያረጀ እንዲመስል ሆን ተብሎ ደብዝዟል፤ በባትሪው ስም ቦታ ፍራሹ ተጽፏል። ሰባቱም እንደዚያው ዞሯል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዓለም ሰባትን እንደዚያ ያዞረች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ስሕተቷን ሳይቀር ስለቀዱላት አመሰግናለሁ፤ ባንዲራዬ እንዳልተጣለም የነገረኝ የራስዎ ሱቅ ነው።

ስለዚህ ከእሑድ በፊት ይመልሱልኝ። ምትክ አልቀበልም፤ ፍራሽም አልፈልግም፣ አጥንቴ የምተኛበትን የእንጨት ቆጥ ለምዷል።

ሞተሩ በተቀባ ቁጥር ልቡን የማያስቀባው፣
ለክለቡ መልካም ውጤት፣ ለእርስዎም መልካም እንቅልፍ የሚመኘው፣
በመወዳደሪያው ሦስተኛ ኩርባ ቆሞ የሚደግፈው ሽማግሌ

ደብዳቤውን ካጠፍኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዕዳ ይዤ መሞት አልወድም፤ ያለብኝንም ልጅ ሳልልክ ራሴ እከፍላለሁ። ባንዲራውን በአራት አጥፎ፣ አባባ ይቅር ይበሉኝ ብሎ ለተቀበለኝ ጥበቃ ምርቃት አለብኝ። እሑድ የእርስዎ የክብር እንግዳ ሆኖ በምርኩዝ ለሚመጣው ለሽውታ፣ የለመደውን ባንዲራ ማውለብለብ አለብኝ። ለባለቤቴ፣ ቀሚሷን ወደ ቤቷ መመለስ አለብኝ። ለእርስዎም አንድ ጭብጨባ አለብኝ፤ ባንዲራዬን በገዛ እጅዎ ይዘው ሦስተኛው ኩርባ ድረስ የመጡ ለታ፣ ቆሜ እከፍላለሁ።