በጧፍ ሰም የለጠፍኩልሽ ሲም

ደብረ ኤልያስ
ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሔዋን፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ የእናትሽ የጤናዬ ጉልበትም ብርዱ ካልጠናበት ያራምዳታል። ደህና መሆናችንን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለው እንዳያስደነግጥሽ ነው። ወረቀቱን አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው። ያለሽበትን ከተማ ስም እዚህ አልጽፍም። ወረቀቱን የሚያደርሱልሽ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ያውቁታል፤ እሳቸውን ደግሞ ማንም ደፍሮ አይፈትሻቸውም።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ አበባው ሽማግሌ ይዞ መጣ። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን እስኪያጸናልሽ ድረስ ባልሽ ልበለው። ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ላየው ሰው ንስሐ የገባ ይመስላል። ጎረቤታችን አቶ እንዳላማው ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጠዋል። «ሚስቴን መልሱልኝ» ይላል ብዬ ስጠብቅ ነገሩ ሌላ ሆነ።

«አባቴ፣ የሔዋንን ፌስቡክ ሌቦች ሊወስዱባት ነው። በስሟ ሰው ሊያጭበረብሩ ነው። ሥራዬ ስልክ ስለሆነ ላስጥልላት እችላለሁ። አሁን እርስዎ ስልክ ላይ ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል፤ እሱን ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ።

ሌባ ለእናት ልጅ አይመለስም ይባላል፤ ይኼ ደግሞ «ሌባ ያዙ!» እያለ የሚመጣ ነው። የሄድሽ ዕለት የነገርሽኝን አልረሳሁም። «አባቴ፣ ሁለት ቁልፍ አድርጌበታለሁ። አንዱ የይለፍ ቃሌ ነው። ሁለተኛው ቃሉን በትክክል የጻፈ ሰው ሲኖር ወደ እርስዎ ስልክ የሚላክ ቁጥር ነው። ለማንም አይስጡብኝ» ብለሽኝ ነበር። የተከራየሽበት ሰፈር፣ የምትሠሪበት ቤት፣ ከጓደኛሽ ጋር የተጻጻፍሽው ሁሉ እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ከገባ ደጅሽ ላይ ቆሞ ነው የምታገኚው።

አበባው እጁን ነጠላው ውስጥ ከትቶ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። ወዲያው የኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ቁጥሩ የመጣው ቃልሽን አውቆ ስለጻፈ ነው ማለት ነው። ደግሞስ እንዴት አያውቅ! የክርስትና ስሜን ነው ያደረግሁት፣ ማንም አያውቀውም ብለሽ ስቀሽብኝ አልነበር? ልጄ፣ ያን ስም በተክሊላችሁ ቀን በሁለታችሁ ራስ ላይ ቆሜ የጠራሁት እኔ ነኝ። ከባዕድ የሸሸግነውን ስም እሱ አክሊል ደፍቶ ሰምቶታል።

«አይሆንም» አልኩ።

«ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ ቁጥር ነው እኮ የተለመኑት፤ ጥማድ በሬ አልተጠየቁ» አሉ አቶ እንዳላማው። ሌሎቹም ልመናችን ካልተሰማ እህልዎን አንቀምስም ብለው የቀረበውን ገፉት። ሌላውን ሽማግሌ እንዲሰማ ስገሥጽ የኖርኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ሽማግሌ ጾሙን ሊወጣብኝ ሆነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። የእውነት ሌባ ቢኖርስ? በኔ ግትርነት ስምሽ ቢጠፋስ? እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፤ ስልኩንም አወጣሁት።

እናትሽ ከጠዋት ጀምሮ «ይታረቁ፣ ልጄ ቤቷ ትግባ» እያለች ስታለቅስ ነበር። ብድግ ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም፤ እኔ እነግረዋለሁ» አለች። አበባው ፊቱ በራ። ተነሥቶ ተጠጋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቶሎ በይ፣ እማዬ። ንገሪኝ፣ ቶሎ በይ፤ ጊዜው ያልፍበታል» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ «ብርሃኑ አልታየኝም» እያለች ወደ ጓዳ ገባች። አፍታም አልቆየ፣ የጠላው ጋን ውስጥ አንድ ነገር ሲገባ ሰማን።

«ኧረ በሞትኩት! አመለጠኝ!»

ይህች ሴት እንኳን ስልክ እንቁላል አምልጧት አያውቅም። አበባው ክንዱን እስከ ብብቱ ጋኑ ውስጥ ነክሮ ስልኩን ቢያወጣውም ሞቶ ነበር። ያን ጊዜ ነጠላውም ትሕትናውም ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ፊት እናትሽን ያላትን ቃል አልደግመውም። አቶ እንዳላማው ተነሥተው በዘንጋቸው በሩን አሳዩት። ሲወጡ እኔን «ይፍቱኝ አባቴ፣ ያመጣሁትን ሰው አላወቅሁትም ነበር» አሉኝ።

ማታ ጤናዬን ምን ሆነሽ ነው አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦ «ክንዷ ተሰብሮ፣ በር ተዘግቶብኝ ነው ብላ በስልክ የነገረችኝ ቀን፣ ከኋላዋ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ንገሪያት፣ ቶሎ በይ ይላት ነበር። ዛሬ ያው ድምፅ ነው።» ከዚያ ወዲህ ስለ ዕርቅ ያነሣችው ነገር የለም።

ሲሙን አድርቄ በሰው ስልክ ሞከርኩት፤ ይሠራል። ከዚህ ወረቀት ግርጌ በጧፍ ሰም ለጥፌዋለሁ። ሁለተኛው ቁልፍ ካሁን በኋላ ባንቺ እጅ ይሁን፤ እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ መመላለሱን አይተውም። የይለፍ ቃሉንም ዛሬውኑ ለውጪ። የክርስትና ስምሽን ተዪው፤ የኔንም፣ የእናትሽንም፣ የምትወጂውን ታቦትም አታድርጊ። እሱ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ይቅርብሽ።

አዲስ ሲም ማውጣቴ አይቀርም። ቁጥሩን ግን ፍርድ ቤቱ ነገሩን እስኪቋጭ አልልክልሽም። አበባው ስልክ አዋቂ ነው፤ ስልኬ እጁ ቢገባ ያንቺን ቁጥር ማግኘት የለበትም። እናትሽ «ታዲያ ልጄ እሑድ እሑድ በምን ትደውልልኛለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የተበላሸውን ስልክ አጥባ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች። ጣይው ብላት አልሰማችኝም።

በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ። የሚያሳድድሽን ዓይን ይያዝልሽ፤ የምታንኳኪው ደጅ ሁሉ ይከፈትልሽ።

ያን ስምሽን እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም። መቅደስ በገባሁ ቁጥር ግን እጠራዋለሁ፤ ከእንግዲህ በለሆሳስ ነው።

አባትሽ
ቄስ ወልደ ገብርኤል