ለጥቆማ ይደውሉ

ጥቅምት 3
ቅዳሜ። ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር በፓርኩ የእግረኛ መንገድ ዳር ያሉትን ችግኞች ስንኮተኩት ዋልን። ወገቤ... የጡረተኛ አውቶቡስ ሹፌር ወገብ ለመቀመጥ እንጂ ለማጎንበስ አልተሠራም። ቤት ገብቼ እግሬን ስታጠብ ስልኩ ጮኸ። በእርጥብ እግሬ ሮጥኩ። «አግዳሚ ወንበሩ ተሰብሯል» አለኝ አንዱ። እኔ ምን አገባኝ?

ጥቅምት 4
ገባኝ። ቀለም ቀቢው ነው ጉድ የሠራኝ። የፓርኩን ሰሌዳ ሊጽፍ ሲመጣ «ስጨርስ እንድደውልልዎት ቁጥርዎን ይስጡኝ» ብሎኝ ነበር። «ለጥቆማ ይደውሉ» ከሚለው ሥር የጻፈው የእኔን ቁጥር ነው። ያውም ክንድ በሚያካክሉ ቁጥሮች። ዛሬ ስምንት ሰው ደወለ። የጠፋ ቁልፍ፣ የሞላ የቆሻሻ በርሜል፣ «ሣሩ ላይ መቀመጥ ይቻላል?»... ተቀመጡ፣ ተንከባለሉ፣ ብቻ እኔን ተዉኝ።

ጥቅምት 8
ሊቀመንበራችን አስተማሪ ነበረች፤ ዛሬም ሁላችንን እንደ ተማሪ ነው የምታየን። «ቀለም እስኪገዛ ስልክህን ዝጋው» አለችኝ። «እሺ ቲቸር» አልኳት። አልዘጋሁም። እንዴት ልዝጋ? ልጄ የምታውቀው ይህን ቁጥር ብቻ ነው።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ከማልወደው ሰው ጋር ሌላ ከተማ ልኑር ብላ ሻንጣዋን ስታነሳ «ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርሺ፣ እንዳትደውይም» አልኳት። እናቷ በሕይወት ብትኖር አፌን ትይዘኝ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ወዲህ የእሷ ስልክ አይሠራም። ይኸው ፀጉሬን ስቆረጥ እንኳ ስልኩን በእጄ ጨብጬ ነው። መዝጋት አልችል፣ መቀየር አልችል... ታስሬያለሁ።

ጥቅምት 11
አሥራ አራት ጊዜ ጮኸ። አሥራ አራት ጊዜ ደነገጥኩ። እሷ አይደለችም።

ጥቅምት 16
ምን አደረግኩ? ስልኩ ጮኸ። «ሃሎ» ብል ዝም። ደግሜ ብል ዝም። መቀለጃ አደረጉኝ ብዬ ቱግ አልኩ። «ሁለተኛ እንዳትደውሉ» አልኩ። ተዘጋ። ከዚያ የገዛ ቃሌ ከነከነኝ። መልሼ ብደውል ፓርኩ በር ላይ ያለው ባለሱቅ አነሳው። «ልጅ እግር ሴት ናት አባባ። ስልኬን ለምና፣ ሰሌዳውን እያየች ደወለች። ስታለቅስ ሄደች።»

እሷ ብትሆንስ? ያንኑ ቃል... ደግሜ?

ጥቅምት 18
ቀለም ቀቢው ጣሳውን ይዞ መጣ። «ዛሬ ልገላግልዎት አባባ።» ሰሌዳው ፊት ተገተርኩ። «አትንካው።»
«እርስዎ አይደሉ እንዴ ሲረግሙኝ የከረሙት?»
«ነኝ። አትንካው።»
ሊቀመንበሯ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። «ይቆይ» አለችው ለቀቢው። እንግዲህ በገዛ እጄ መልሼ ታሰርኩ።

ጥቅምት 21
ፓርኩ በር ላይ ዋልኩ። ስለ ውሻ ሁለት፣ ስለ መብራት ሦስት ሰው ደወለ።

ጥቅምት 25
ጠዋት ተደወለ። «የፓርኩ ነው?» የሴት ድምፅ። «ነው።»
«ቧንቧው... ቧንቧው እየፈሰሰ ነው። የሚመለከተው... የሚመለከተው ሰው ካለ...»
ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ቃል ትደግማለች።
«እዚያው ጠብቂኝ። እንዳትሄጂ» አልኩ።

ጉልበቴን ረስቼ ሄድኩ። ቧንቧው አጠገብ ቆማለች። ከስታለች። ቧንቧው ጠብታ የለውም። «የቱ ጋ ነው የሚፈሰው?» ብላት «አሁን ቆመ» አለች። ስልኳ ጠፍቶ ቁጥሬም አብሮ ጠፍቶባት ነበር፤ ልታየኝ መጥታ፣ ደጄን መርገጥ ፈርታ ፓርኩ ጋ ስትዞር ሰሌዳው ላይ አይታው ነው ያወቀችው።
«ልጄ፣ ያን ያልኩሽን ነገር...»
«የቱን አባዬ? የድሮውን ነው የባለፈው ሳምንቱን?»
ሳቅንም አለቀስንም።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼው መሄዴን ያወቅኩት ቤት ስንገባ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተደውሏል። ይደውሉ።