የግርማ ሚኒባስ የኋላ መብራት

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬም ጠፋ። ጠዋት አዲስ ፊውዝ ተከቶለት የወጣ መኪና ማታ ኋላው ጨለማ ሆኖ ገባ። ግርማን ምን ሆነ ስለው ትከሻውን ሰብቆ ወደ ጓዳ አለፈ። ግርማ የልጄ ባል ነው፤ ሚኒባስ ታክሲ ነው የሚነዳው። ጨዋ ነው፣ ግን ሲጨንቀው አፉ ይዘጋል። የኔ ደሞ ሲጨንቀኝ ነው የሚከፈተው። በቃ፣ እሱ ዝም ካለ እዚህ ደብተር ላይ አወራለሁ። ፊደሌ ጠማማ ነው፤ ማን ሊያነበው።

እሑድ ጽዮን ማርያም ናት፤ ጽዋው እኔ ጋ ነው። ማኅበርተኞቼ የካዛንቺስ ጎረቤቶቼ ናቸው። ቤታችን ሲፈርስ እኔ ቂርቆስ ልጄ ጋ ገባሁ፣ እነሱ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ድሮ ባጥር ላይ ጨው የምንቀባበል ሰዎች አሁን በወር አንዴ ነው የምንተያየው። ያውም ግርማ ሄዶ እያመጣቸው፣ ግርማ እየመለሳቸው።

ባለፈው ወር ሲመለሱ መንገድ ላይ መሸባቸውና የኋላ መብራቱ ጠፋ። ትራፊክ አስቆማቸው። ሴቶቹ በጨለማ ወርደው ሌላ ታክሲ ፍለጋ ሲሄዱ አስካለ ያንድ እግር ጫማዋን ቦይ ውስጥ ጥላ ቤቷ ገባች። ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ። እንደምን አደርሽ እንኳ የለም።

"መብራት ከሌለ እኛም የለንም" አለች።

እሷ ካልመጣች ማንም አይመጣም። ዳቦውን ለማን ልቆርሰው ነው?

ሐሙስ 18

ግርማ መላ አገኘሁ አለ። የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መልሶ ሰካው። ሲጋራ እንኳ አያጨስም፤ ከሱቅ ለምኖ ነው። መብራቱ ቦግ አለ። እልል ልል አፌን ስከፍት አንድ ሽታ መጣ፣ ፕላስቲክ እሳት ላይ ሲወድቅ እንደሚሸተው። አጥፋው አልኩት። ምንም አይሸትም እማዬ ይላል፣ ጉንፋን ይዞት። እኔ ባፍንጫዬ ስንት ወጥ ከማረር ያዳንኩ ሰው ነኝ።

እኔው ጋቢና ተቀምጬ ኑረዲን ጋ አስወሰድኩት። ኑረዲን ከቤታችን ወረድ ብሎ የመኪና መብራት የሚሠራ ልጅ ነው። ልጅ ስል፣ ማለቴ ሽበት ጀምሮታል። የፊውዙን መሰኪያ ማቅለጥ የጀመረውን ወረቀት በጉጠት አወጣው፣ አየው፣ ከዛ ግርማን አየው።

"ፊውዝ እኮ ዘበኛ ነው። አንተ ዘበኛውን አስረህ ለሌባው በሩን ከፈትክለት። ትንሽ ቢቆይ መኪናው ይነድ ነበር።"

ግርማ ጫማውን አየ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። ማለቴ ብዙ አልጨመርኩም።

ዛሬ የተማርኩት፦ የኋላው መብራትና የዳሽቦርዱ መብራት ካንድ ፊውዝ ነው የሚበሉት። ዳሽቦርዱ ከጨለመ የኋላውም ጠፍቷል። መውረድ ሳያስፈልግ ይታወቃል። ይሄን ሳያውቅ ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዘመን የነዳው።

ዓርብ 19

ኑረዲን ጠዋቱን ሙሉ መኪናው ሆድ ውስጥ ነበር። ላምፓዲናዎቹን፣ አምፖሎቹን ማለቴ ነው፣ ፈትቶ አየ። የታርጋውን መብራት አየ። በኋላ በር የሚያልፈውን ሽቦ አየ፤ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ እዛ ጋ ይላጣል አለ። ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው። ለጁምዓ ሄዶ ተመለሰ፣ ምሳ አበላሁት፣ እንደገና አየ። መብራቱ በርቶ ዋለ። ደስ ብሎኝ ለአስካለ ደውዬ በርቷል አልኳት።

ምነው አፌን በቆረጠው። ማታ ግርማ ሥራ ወጥቶ ጨልሞ ገባ።

ራት ላይ ያዝኩት። መቼ ጠፋ? ኦሎምፒያ ጋ። ሰው ነበረ? ሞልቶ ነበር። ረቡዕስ? ሞልቶ። ባለፈው ወር የኔን ሴቶች ስትወስድስ? እነሱማ ጢም ብለው። ጠዋት ባዶህን ስትወጣስ? ኧረ ያን ጊዜ አይጠፋም።

ሰው ሲሞላ ነው እኮ የሚጠፋው አልኩ። ልጄ ሳቀች። ግርማ ደሞ "መብራት ሰው ይፈራል እንዴ እማዬ?" አለኝ። ይሳቁ። ኑረዲን ጋ ደወልኩ። "እኔ ባዶውን ነው ያየሁት" አለ።

ቅዳሜ 20

መኪና በምን ይሞላል?

ተሳፋሪ ለምርመራ ብሎ አይቀመጥልህም፤ ሒሳቡን ከፍሎ መሄድ ነው የሚፈልገው። ለነገው የተገዛውን ሽንኩርት ከነኬሻው አመጣን። የጤፉን ከረጢት አመጣን። ጀሪካን በውሃ ሞላን። ወለሉ ላይ ደረደርን፣ ኑረዲን አበራ። አልጠፋም። ጎረቤት ያለውን ሲሚንቶ ተበደርን። አልጠፋም። ግርማ "ሰው እንጂ ሽንኩርት አይፈራም" አለ። ዛሬ አፉ ተከፍቷል።

አስካለ ደወለች። በርቷል ያልሽው እንደበራ ነው ወይ አለችኝ። ልዋሽ ነበር፤ በማርያም ዋዜማ ምላሴ እምቢ አለኝ። እውነቱን ዘረገፍኩት። ሰው ሲሞላ ነው የሚጠፋው፣ ኑረዲን የሚፈልገው ሰው የሞላበት መኪና ነው፣ ኑና ሳይመሽ ሙሉለት፣ ያገኘዋል አልኳት። ካላገኘው እዚሁ ታድራላችሁ። የት እንደማስተኛቸው አንድዬ ያውቃል፤ ቤቱ ለኛም እግር መዘርጊያ የለው።

አስካለም "ሁለተኛ ጫማ ይዤ እመጣለሁ" ብላ ዘጋችው።

እሑድ 21

መጡ። ሁሉም መጡ። የንስሐ አባቴ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ የሚቀጥለውን ወር ጽዋ አስካለ ተረከበች። ከዛ ዳቦው ካፋቸው ሳይወርድ ወደ መኪናው ነዳኋቸው። በማርያም ቀን መፍቻ የሚያነሳ ክርስቲያን ከየት አመጣ ነበር? ኑረዲን ዕቃውን ይዞ ከች።

ግርማ አበራ። እኔ ከኋላ ቆምኩ። አንዷ ትገባለች፣ "አለ" እላለሁ። ሌላዋ ትገባለች፣ "አለ"። ሰፈሩ ወጥቶ ያየናል። መጨረሻ አስካለ ገባችና ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እልም።

አንዷ በሳቅ ፍርስ አለች፣ ሁሉም ተከተሏት።

"ገና ሳልቀመጥ ነው የጠፋው" አለች አስካለ።

ኑረዲን አዲስ ፊውዝ ከተተ። እዛችው ወንበር ላይ ከመሃላቸው ቀጭኗን አስቀመጠ። አለ። አስካለን መለሳት። እልም። ወንበሯ ስር በባትሪ አየና ግርማን "ይቺ ከመኪናው ጋ ነው የመጣችው?" ብሎ ጠየቀው።

ግርማ ጭንቅላቱን አከከ። አይደለም። ትርፍ ሰው ልጫን ብሎ አንድ በያጅ ጋ አሠርቶ ያስገባት ናት። ምንጣፉን ገለጡት። የወንበሯ እግር የኋላ መብራቱ ሽቦ ላይ ቆማለች። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥባት ትጫነዋለች፤ የሽቦው ልባስ ተልጦ ኖሯል፣ ብረት ይነካል፣ ፊውዙ ይቃጠላል። እኛ ደሞ ሽንኩርቱን ወለል ላይ እንጂ ወንበሯ ላይ መቼ አስቀመጥነው።

አስካለ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ግርማን ጠራችው።

"ስማ አንተ። እኔ ባልወፍር ይሄን ሽቦ ማንም አያየውም ነበር። ስቤን አመስግን።"

"አመሰግናለሁ እትዬ" አለ። ሌላ ምን ይበል።

ኑረዲን የተላጠውን ቆርጦ ቀጠለ፣ በናስትሮ ጠቀለለ፣ ሽቦውን ከወንበሯ እግር አርቆ በጎን አሳለፈው፣ ሌላ ፊውዝ ከተተ። አስካለ ተቀመጠች። አለ። ተነስታ ዘፍ አለች። አለ። ዝለዪ አልኳት። ዘለለች፣ መኪናው ተወዛወዘ። አለ። እልልታችን ቤተክርስቲያኑ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

መሽቶ ነው የሄዱት። ካዛንቺስን ከለቀቅን ወዲህ ፀሐይ እያየን፣ ወሬው ሳያልቅ ነበር የምንለያየው። ዛሬ አልቆ ነው። ማለቴ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው። ሁለቱ ቀይ መብራቶች እስከ መታጠፊያው ሄዱ። እኔም በነጠላ ጫማዬ እስከ መታጠፊያው ሄድኩ።

ሰኞ 22

አስካለ ደወለች። በሰላም ገብተዋል። ሲወርዱ ሁሉንም ከመኪናው ኋላ አሰልፋ መብራቱን አሳይታቸዋለች። ሁለተኛውን ጫማ ከቦርሳዬ ሳላወጣው ገባሁ አለች፤ ቅር ያላት ትመስላለች።

ግርማ ወንበሯን ሊያስነቅላት ነው። ትርፍ ሰው ይቅርብኝ አለ። ይሄን ለአስካለ ስነግራት አኮረፈች፤ እና እኔ የት ልቀመጥ ነው? ጋቢና፣ አልኳት። በረድ አለችልኝ።

ጠዋት ሲወጣ ደሞ የቀኝ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ሲል ይቸኩላል አለኝ። አንዱ ላምፓዲና ሲቃጠል የቀረው እንደዛ ይቸኩላል፣ ኑረዲን ነግሮኛል። እሱ ጋ ሂድ፣ ሲጋራ ፍለጋ ሱቅ እንዳትሄድ አልኩት። ሳቀ። ከሄደ በኋላ ተመልሶ በመስኮት ብቅ አለና የሚቀጥለው ወር እትዬ አስካለ ጋ ስንት ሰዓት መጥቼ ልመልስዎት አለኝ።

ሲመሽ አልኩት። ደህና አድርጎ ሲመሽ።