ስድስተኛዋን ልጄን ስለሰረዘው ቀይ መስመር

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሰባቱ ልጆቻችን በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እየተጋፋንም ቢሆን ደህና መሆናችንን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ሰባት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ስለ ሕዝብ ቁጥር ዕድገትና መንግሥት ስለ ቤተሰብ መጠን ስላወጣው መመሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት የጂኦግራፊ መምህር እኔ ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ሆኖም የሚከተሉትን ቅሬታዎች እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ዓምና ለግል ማኅደሬ የቤተሰብ ፎቶግራፍ እንዳስገባ በታዘዝኩ ጊዜ፣ ሰባቱም በአንድ ጊዜ ዓይናቸውን የገለጡበትን ብቸኛ ፎቶ ይዤ ከተፍ አልኩ። ዘንድሮ ይኸው ፎቶ «ያልተመጠነ ቤተሰብ» የሚል ርዕስ ተሰጥቶት፣ ፖስተር ሆኖ በየክፍሉ ተሰቀለ። ማንነቴ እንዳይታወቅ ዓይኖቼን በጥቁር መስመር ስለሸፈኑልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ጆሮዎቼን ግን ረስተዋቸዋል። ሰማንያ ስድስት ተማሪዎች መጀመሪያ ፖስተሩን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያም እንደገና ፖስተሩን አዩ።

፪ኛ. በመምህሩ መምሪያ ላይ «የዚህ አባወራ ስህተት ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ ስለሚል፣ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና በመጠቆሚያው እንጨት ወደ ራሴ እያመለከትኩ ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ የደመቀ ክፍለ ጊዜ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። አንዱ ዕቅድ አልነበረውም አለ፤ ሌላው አቅሙን አላወቀም አለ፤ አንዲት ተማሪ ደግሞ ሚስቱን አላማከረም አለች። ለሦስቱም ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ። ባለቤቴ ክፍሉ ውስጥ ብትኖር ለመጨረሻዋ እጥፍ ትሰጣት ነበር።

፫ኛ. እስከዚህ ድረስ የተሳቀው በእኔ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ከሁለተኛው ልጅ ቀጥሎ ባሉት አምስቱ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮ «ትርፍ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ስድስተኛዋ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚያው ክፍል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። (ስትወለድ እኔ ይህን ትምህርት ለአምስተኛ ዓመት እያስተማርኩ ነበር፤ ጎበዝ አስተማሪ እንደነበርኩ ከዚህ ይረዳሉ።) የዚያን ዕለት እራት ላይ ድርሻዋን ወደ ታናሿ ገፋ አድርጋ «አባዬ፣ እኔ ባልወለድ ይቀልላችሁ ነበር አይደል?» አለችኝ። የሕዝብ ብዛትን በመቶኛ ሳሰላ የኖርኩት ሰውዬ ድርሻዋን መልሼ ወደ እርሷ ገፋሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች፤ ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። እኔም አፍሬአለሁ፤ እንጨቱን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝና።

ክቡር ሆይ፣ ትምህርቱ ውሸት ነው አላልኩም። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ሲሉኝ አምኜ፣ ዕድል ደብተር እንደማይገዛ ዘግይቶ የገባኝ ሰው ነኝ፤ ከእኔ በላይ ምስክር አያገኙም። ምጣኔው ግን ላልተወለደው ነው። የተወለደች ልጅ ልጅ ናት እንጂ ትርፍ አይደለችም፤ ይህን ለእርሷ ለመንገር አራት ቀን የፈጀብኝ ሞኝ ነኝ። ስለዚህ እስከ ሰኞ ጠዋት ፖስተሩ እንዲነሣልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ካልተነሣ ወንበር ላይ ወጥቼ በገዛ እጄ አወርደውና፣ የሚልኩልኝን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በሁለት እጄ እቀበላለሁ።

ሳይማከር ለጽሕፈት ቤትዎ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሆኖ የተመደበው፣
ታዛዥዎ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእኛው ጎን «የተመጠነ ቤተሰብ» ተብሎ የተሰቀለው፣ እርስዎ ከባለቤትዎና ከሁለቱ ልጆችዎ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ እጅግ ያምራል። ሦስተኛዋ ልጅዎ ከእኔዋ ጋር በአንድ ዴስክ ነው የምትቀመጠው። በክፍለ ጊዜው ሁሉ ስታየው ቆይታ፣ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። የእኔዋ ብትሰረዝም ፎቶው ውስጥ አለች።