ድኗል ስለተባለው መሬቴ

ለተከበሩ የአፈርና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በእኛ ሰፈር ጤና ብርቅ ከሆነ ስለሰነበተ ምኞቴን እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ። እኔ ከአሮጌ ባትሪ ማቅለጫው ፋብሪካ አጥር ሥር ጎመንና ቆስጣ የማመርት፣ የአምስት ዓመት ልጅ እናት፣ የጽሕፈት ቤትዎም አትክልተኛ ሚስት ነኝ። የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬ ስለበዛ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩. የፋብሪካው ፍሳሽ ማሳችንን በእርሳስ መበከሉ በምርመራ በታወቀ ጊዜ፣ ባዮቻር የተባለውን የከሰል ዱቄት ይዛችሁ ስለደረሳችሁልን አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ በትዕግሥት እንዳስረዱን፣ ከሰሉ መርዙን ከመሬት አያወጣውም፤ አፈሩ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል እንጂ፣ የአትክልቱ ሥር እንዳይመጥጠው። ለዚህም በየማሳው ሃያ ጆንያ በአካፋ ጥልቀት ከአፈሩ ጋር መደባለቅ፣ የፍሳሹም ቦይ መዘጋት እንዳለበት ነግረውናል። ይህን እስከ ዛሬ በቃሌ የምወጣው፣ በጉዳዩ ላይ ከጽሕፈት ቤትዎ የሰማሁት የመጨረሻው እውነት እርሱ ስለሆነ ነው።

፪. ከሃያው ጆንያ ሁለቱ ስለደረሱኝ አመሰግናለሁ። ለፎቶግራፉ ሲባል ከላይ ከላይ ተበተኑ፤ አካፋውን የያዙት እርስዎ ነበሩ፤ ጫማዎ ላይ ያረፈው ጥቁር አቧራ በጨርቅ ተጠርጎ እስኪያልቅም ሁላችንም ቆመን ጠብቀናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ድርሻዬን ጠራርጎ ወሰደው። የቀሩትን ጆንያዎች በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ባሉት የአበባ መደቦች አፈር ውስጥ የደባለቀው ባለቤቴ ነው፤ ልክ ባለሙያው እንዳሉት፣ በአካፋ ጥልቀት።

፫. ቦዩን በተመለከተ ሦስት ስብሰባ ስለተደረገለት አመሰግናለሁ። ቦዩ ደህና ነው፤ ይፈስሳል።

፬. ከሁሉ በላይ የማመሰግነው፣ መሬቱ መዳኑ እንዲመረመር ከማሳችን ሊወሰድ ስለነበረው የአፈር ናሙና ነው። ናሙናው በሚወሰድበት ዕለት ጠዋት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ባለሙያዎ ጭቃውን አይተው ከመንገድ ተመለሱ፤ ባለቤቴንም ከአበባው መደብ አንድ ከረጢት አፈር እንዲሞላላቸው አዘዙት። እርሱ አበባው የሚመረመር መስሎት ሞላ። ከረጢቱ ላይ የእኛ ማሳ ቁጥር ተጻፈበት። ከወር በኋላም የሰፈሩ መሬት ድኗልና ይዘራበት የሚል ባለማኅተም ደብዳቤዎ ለእኛም ለጎረቤቶቻችንም ደረሰን።

ልጄን እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን አፈር በእግሯ አስረግጫት አላውቅም ነበር። ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ጫማዋን በገዛ እጄ አውልቄ ማሳው ውስጥ ለቀቅኋት። ጎመኑ ሲደርስም መጀመሪያ ያበላሁት ለእርሷ ነው። አሁን ሐኪሙ ደሟ ውስጥ እርሳስ አለ ብለውኛል። የምታውቃቸውን ቃላት እየረሳች ነው፤ ትናንት ማንኪያ ማለት ጠፍቶባት አለቀሰች። ባለቤቴ ያን ዝናባማ ጠዋት ያስታወሰው የሐኪሙን ወረቀት ካየ በኋላ ነው።

ጎረቤቶቼ ያንኑ ደብዳቤ ይዘው በሚቀጥለው ሳምንት ሊዘሩ ነው። እነርሱ ሳይዘሩ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልዎትን ከማሳዬ የተወሰደ አፈር እንዲያስመረምሩልኝ፣ ደብዳቤዎንም እንዲሽሩልኝ እለምናለሁ። ጭቃው ደርቋል፤ የማንም ጫማ አይበላሽም።

በትሕትና ደጅ የምትጠናዎት፣ ማኅተምዎን አምና ልጇን ያበላች፣
የአትክልተኛዎ ሚስት

ማስታወሻ፦ የአፈሩን ከረጢት የሞላው ባለቤቴ ነው። የመጀመሪያውንም የሞላው እርሱ በመሆኑ፣ ናሙና አወሳሰዱ ሕጋዊ አይደለም እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ልዩነቱ፣ አሁን ምን እየሞላ እንደሆነ ያውቅ ነበር።